ጉጧን እዪ፣ ሰውየውን አትዪው

የምነግራችሁ የሦስት ቀን ነገር ነው። ሦስት ቀን ለሰው ዕድሜ ምንም አይደለም፤ ስንቱን ሦስት ቀን በልተን ጠጥተን ረስተነዋል። ይህን ግን እስከ ዛሬ በየሰዓቱ ከፋፍዬ አውቀዋለሁ፤ የቱ ጋ ፀሐይ ዓይኔን እንደወጋኝ፣ የቱ ጋ ውሃ እንደጠማኝ ሳይቀር። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በራሴ ጊዜ ነው፤ አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። ወሬውን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ የተወለደ ነው።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው። ባል አግብቼ፣ ሳንስማማ ቀርተን፣ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። መንደራችን ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ። በዚያ አካባቢ በቅሎ የሚያሳልፍ መሻገሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእኛ አፋፍ ቁልቁል ይታያል።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ዱር ገብቷል። አንድ ቀን ግራዝማች ይሁኔ ቄስ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ይሁኔ የዚያው የአገራችን ሰው ነው፤ ለጣሊያን አድሮ ባንዳ የሚያዝ፣ ጠርዙ ወርቀ ዘቦ የሆነ ጥቁር ካባ የተሸለመ። ያን ካባ በአገሩ የማያውቀው አልነበረም።

«ልጁ ይግባ» አለ፣ እናቴ የቀዳችለትን ጠላ እንደያዘ። «ጠመንጃውን ያስረክብና እርሻውን ይረስ። አንዲት ፀጉሩ ብትነካ እኔ ከክርስቲያን አልቆጠር።» ይህን ብሎ የቄሱን መስቀል ጨብጦ ማለ።

አባየ አላመኑትም። እኔ አመንኩት። ለታደለ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩና፣ ዱር ድረስ ሄጄ «በመስቀል ምሎልናል፣ ና» ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ «አንች ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜም አዎ አልኩት።

በአራተኛው ቀን ሉማሜ ገበያ መሐል ሰቀሉት። ሦስት ቀን እንዳይወርድ ተባለ፤ ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለ። እናቴ ድምፅ እንዳይወጣባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ጓዳ ገብታ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ዓመቱ ሳይሞላ እሷም ተከተለችው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሰው አልነበርኩም። ሊጥ ሳቦካ የይሁኔን አንገት ነበር የማሸው። እንጨት ስፈልጥ እሱን ነበር የምፈልጠው። ጸሎት ስቆም አቡነ ዘበሰማያትን እላለሁ፤ በደላችንን ይቅር በለን የምትለው ላይ ስደርስ ግን ከንፈሬን ገጥሜ እዘላታለሁ። እግዚአብሔርም ይህን እያወቀ ዝም አለኝ።

እናቴ ከሞተች በኋላ፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ውሃ ልቀዳ ምንጭ ወረድኩ። ጎረቤታችን እትየ ጥሩነሽ እንስራዋን እያጠበች አገኘኋት።

«ሰማሽ?» አለችኝ። «ግራዝማች ይሁኔ ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን ኢላማ ያስተኩሳል አሉ። ባንዳው ሁሉ ከየአገሩ ተጠርቷል፤ ጣሊያኖችም ሊያዩ ይመጣሉ። ከእናንተ ቤትስ የሚሄድ የለም?»

«የኛ ቤት ተኳሽ ከአፈር በታች ነው» አልኳት።

«አባትሽስ? ድሮ በኢላማ ስማቸው የተጠራ ነበሩ እኮ። አሁን የሚተኩሱት ሳል ብቻ ሆነ እንጂ።» ሳቀች። እትየ ጥሩነሽ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ምላሷ ነው ቀድሟት የሚሮጠው። እኔ ግን እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

አባየ አውድማው ላይ ገለባ ይለያሉ። የሰማሁትን ከነሳሉ ቀልድ ነገርኳቸው። መንሻቸውን መሬት ተከሉ።

«ሦስት ቀን ነው ያለችሽ?»

«ሦስት ቀን።»

«ሲተኮስ ሊውል?»

«ኢላማ አይደል እንዴ አባየ፤ ሲተኮስ ነው የሚዋል።»

«እንግዲያ በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል የኛን አንዷን ማን ይቆጥራታል» አሉና ገለባውን መለየት ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚገባው በመሻገሪያው ነው» አሉ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ለካ እሳቸውም እንደኔ ሲቦካ የኖረ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ነበር።

ከገለባው ክምር ሥር፣ በበሬ ቆዳ ተጠቅልላ፣ የአባየ የወታደርነት ጊዜ ምንሽር ጠመንጃ ወጣች። ጥይቷ በጨርቅ የተቋጠረ አምስት ነው። አምስት ብቻ። አባየ ምንሽሯን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከሰደፏ እስከ አፈሙዟ በእጃቸው ዳሰሷት። አፈሙዟ ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ የማነጣጠሪያ ጉጥ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ተገፍታለች» አሉ። «ስደብቃት ከእጄ አምልጣ ድንጋይ ላይ ወድቃ ነበር። ይች ጉጥ ከቦታዋ የስንዴ ፍሬ ያህል ከተነሣች፣ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ጥይቷ የት እንደምትገባ ሰይጣንም አያውቅ።»

«ታዲያ እንመልሳታ።»

«እንመልሳታለን። ግን አየሽ፣ ሌላም ነገር አለ።» ምንሽሯን ትከሻቸው ላይ ደግፈው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አነጣጠሩ። ማዶ ያለውን ዛፍ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዷት። «ማዶ ያለችውን ወፍ ወንድ ትሁን ሴት ልነግርሽ እችላለሁ። ጉጧ ግን ጉም ናት። ቅርብ ያለ ነገር ሁሉ ጉም ሆኖብኛል። እኔ መተኮስ አልችልም።»

ተያየን። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

«አሳዩኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጧት ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ወረድን። ኢላማው የሚተኮስበት ሜዳ ከኮረብታው ወዲያ ነው፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ተኩሱ መንጎድ ጀመረ። አባየ አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ መርጠው እርጥብ እበት ለቀለቁትና መሐሉ ላይ በዓመድ የምጣድ አክንባሎ መያዣ የምታህል ነጭ ክብ አደረጉ። ጥይት እበቱን ሲመታ ቀዳዳው ከሩቅ ይታያል፤ እሳቸው በወታደርነታቸው የሚለማመዱት እንደዚያ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ቆጥረን በደረታችን ተኛን።

«ስሚኝ» አሉኝ። «ሦስት ነገር አለ። እዚህ አጠገብሽ ያለው ስንጥቅ፣ አፈሙዙ ላይ ያለችው ጉጥ፣ ከዚያ ወዲያ ሰውየው።»

«ድንጋዩ ማለትዎ ነው?»

«ሰውየው ነው ያልኩሽ። የሰው ዓይን ሦስቱን ባንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። አንዱን መምረጥ አለብሽ። ጀማሪ ሁሉ ሰውየውን ይመርጣል፤ ሁሉም ይስታል። አንች ጉጧን እዪ፣ ሰውየውን አትዪው። ጉጧ ትጥራልሽ፤ እሱ ጉም ይሁን።»

«እኔ ደግሞ ፊቱን ማየት ነበር የምፈልገው።»

«ከሞተ በኋላ ሄደሽ እዪው» አሉኝ። ቀልዳቸው ሁሌም እንዲህ ደረቅ ነበር።

ከኮረብታው ወዲያ ሦስት ተኩስ ተከታትሎ ሲሰማ እኔም ምላጩን ሳብኩ። ትከሻዬ የተገነጠለ መሰለኝ። አባየ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ ድንጋዩ አዩ።

«ክንድ ሙሉ ወደ ግራ። አያያዝሽ ግን ጥሩ ነው፤ ጉጧ ናት ያጠፋችው። ግራ ከሄደች እንግዲህ ወደ ቀኝ እናምጣታ።»

ጉጧ የነበረችበትን ቦታ በመርፌ ጫር አድርገን ምልክት አኖርን። ከዚያ አሁን የወጣውን ቀለህ ጉጧ ላይ ደግፈው፣ ብረቷ እንዳትጎዳ፣ በመዶሻ ቀለሁን መታ፣ መታ አደረጉት። ጉጧ ፀጉር ፀጉር እያለች ወደ ቀኝ ሄደች። ሌላ ተኩስ እስኪሰማ ጠብቄ ሁለተኛዋን ተኮስኩ።

አባየ ወደ ድንጋዩ አሻግረው አዩ።

«መታሁት?»

«እበቱንም አላገኘሽው። ድንጋዩን በግራ በኩል ልጣጭ አንሥተሽለታል።»

ባሰ። ሁለት ጥይት በላን፣ ባሰ። አባየ መዶሻውን አስቀምጠው ራሳቸውን ያዙ። ድሮ እሳቸው ይተኩሳሉ እንጂ ጉጥ የሚያስተካክል ሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር አንድም ቀን ልብ ብለው አላዩትም። «ተይው፣ አይሆንም» ሲሉኝ፣ «የታደለ ደምስ?» አልኳቸው። «ሦስት ጥይት ነው የቀረን፤ ሦስቱንም ለድንጋይ ልንሰጥ ነው?» አሉኝ። ተኳርፈን ቤት ገባን።

ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጬ ሰፌድ የጀመርኩበትን ስንደዶ አነሣሁ። ልሰፋ አልቻልኩም። እንዲሁ ሳላስበው አንዷን ስንደዶ አጠገቤ፣ አንዷን ክንድ አለፍ አድርጌ መሬት ላይ ተከልኳቸውና በሁለቱ ላይ አድርጌ የበረቱን ምሰሶ አየሁ። ከዚያ የወዲያኛዋን ትንሽ ወደ ቀኝ አደረግኳት። አሁን ሁለቱን አገጣጥሜ ሳይ ምሰሶው የለም፤ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ምሰሶውን ለማግኘት ጠቅላላውን ማዞር አለብኝ፤ ወደ ግራ። ደነገጥኩ። ደግሜ ሞከርኩት።

«አባየ» አልኳቸው፣ «ጉጧን መግፋት ያለብን ጥይቷ ወደ ሳተችበት ነው። ግራ ከሄደች ወደ ግራ።»

«ጥፋቷን ተከትለን?»

«ጥፋቷን ተከትለን።»

መጥተው ተንበረከኩ፤ የወዲያኛዋን እያዩ፣ የወዲህኛዋ ጉም ሆናባቸው፣ በእጃቸው እየዳሰሱ ተረዱት። «አይ ይች ልጅ» አሉ። «ወንድ ብትሆኝ ኖሮ ታስፈሪኝ ነበር።»

በሁለተኛው ቀን ጉጧን ከመርፌው ጭረት ወደ ግራ አሳልፈን ሦስተኛዋን ተኮስኩ። ግራ ቀኝ ሳትል በነጩ ክብ ትክክል ገባች፣ ስንዝር ከፍ ብላ ብቻ።

«ከፍታዋን ተያት» አሉ አባየ። «ጉጥ እንደ ቡቃያ አይረዝምም። ወደ ታች ሲተኮስ ደግሞ ጥይት ይበልጥ ሽቅብ ትላለች። ወደ ቀበቶው ያዢ፣ ደረቱን ታገኝዋለሽ።»

ሁለት ጥይት ቀረን። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ግን ረኀብም አልተሰማኝም። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? ደስ ብሎኝ ነበር። ታደለ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ቁጥቋጦ ተከልለን ተኛን። ከመሻገሪያው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነን። የሜዳው ተኩስ ጸጥ ካለ ቆይቷል። ከዚያ ከሩቅ ፉከራና ዘፈን ሰማን። ወደ ወንዙ እየቀረበ መጣ።

እኔ ስንጥቁንና ጉጧን ገጥሜ ውሃው መግቢያ ላይ ጠበቅሁ። አባየ ጉንጫቸውን መሬት አስነክተው አሻግረው ያያሉ። እሳቸው ሩቁን ያያሉ፣ እኔ ቅርቡን። ሁለታችን አንድ ሰው ነበርን።

«ባንዶች ናቸው፤ ሃያ ይሆናሉ» አሉ በሹክሹክታ። «እየጨፈሩ ነው። መጣ... መጣ። በቅሎዋ እሷ ናት፣ ግራጫዋ።»

«እሱ ነው?»

«ጥቁር ካባ፣ ወርቀ ዘቦ።»

«አባየ፣ እሱ ነው?»

«ካባው እሱ ነው። ውሃ ገባ። አሁን ትንሽ ቆዪ... አሁን ከበቅሎዋ ጆሮ ከፍ ብለሽ፣ ቀበቶው ላይ።»

ከጉጧ ወዲያ ጥቁር ጉም ነበር፤ ከሥሩ ግራጫ ጉም። ጉጧ እንደዚያን ቀን ጠርታልኝ አታውቅም፤ በላይዋ ያለውን የመዶሻ ምልክት ሳይቀር አያለሁ። «ይህ ለእምየ ነው» አልኩ በሆዴ። ምላጩን ሳብኩ።

ጥቁሩ ጉም ከግራጫው ላይ ወረደ።

ድምፁ ገደል ለገደል ሲንከባለል ባንዶቹ ከማዶ የተተኮሰ መሰላቸውና ወደ ማዶው ዳገት ተኩሱን አርከፈከፉት። እኛ ጋ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየም። ራሴን ከሰደፉ ላይ አነሣሁ፤ አሁን ፊቱን ላየው ነው ብዬ።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ከሰልፉ ኋላ በእግሩ እየሮጠ ውሃው ውስጥ ገባ። ጋቢ ብቻ የለበሰ፣ ራሱን ያልሸፈነ ሰው። እየወደቀ እየተነሣ ወደ ካባው ደረሰ፤ ተንበርክኮ አቀፈው፤ ፊቱን ከውሃ ቀና አደረገው።

አባየ ከጎኔ እንደ ድንጋይ ደረቁ። «ልጄ» አሉ። «ይሁኔ ያ ነው።»

እናንተ የዛሬ ሰዎች አታውቁት ይሆናል። ያኔ ኢላማ ሲተኮስ የበለጠውን ሰው ሹሙ የገዛ ካባውን ያለብሰዋል፤ በገዛ በቅሎው አስቀምጦ ቤቱ እስኪገባ ራሱ በእግሩ ይከተለዋል። ለዚያ ቀን ሹሙ እሱ ነው። ይህን ወጉን ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አባየ በልጅነታቸው ያን ክብር አግኝተው፣ በሌላ ሰው ካባ መንደር ለመንደር ዞረዋል። ሦስት ቀን ሙሉ የዚያን ኢላማ ተኩስ መሸሸጊያ አድርገን፣ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ሁለታችንም አላሰብነውም። እሳቸው ካባውን አዩ፣ እኔ ጉጧን አየሁ። ሰውየውን ያየው ማንም የለም።

ከታች ድምፅ መጣ። «አድማሱ፣ አድማሱ፣ እኔ ልቅደም፣ አድማሱ፣ ወንድሜ።» ገደሉ ቃሉን እየተቀበለ ይደግመዋል። አድማሱ የይሁኔ ታናሽ ወንድም ነበር። እናት አባታቸው ሞተው ይሁኔ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው፣ በዚያው ዓመት ሚስት ያገባ። በኢላማው ስለበለጠ ካባውን ያለበሰው ኮርቶበት ነበር።

«አጉርሺ» አሉኝ አባየ።

አምስተኛዋን አጎረስኩ።

ይሁኔ ውሃው መሐል ቁጭ ብሎ ወንድሙን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል። አይሸሽም፤ አይሸሸግም። ባንዶቹ እየጎተቱት «ይነሡ ጌታዬ» ሲሉት በክንዱ ይመልሳቸዋል። እንደሱ የተመቸ ኢላማ በዓለም የለም።

«አሁን በትክክል እሱ ነው» አሉ አባየ። «ቀበቶው ላይ።»

ጉጧን ተውኩና ሰውየውን አየሁት። ፊቱን። ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል።

«ተኩሺ።»

«አልተኩስም።»

«ፈራሽ እንዴ?»

«አልፈራሁም። ይኑር።»

«ምን አልሽ?»

«ይኑር አልኩ። እምየ እንዴት እንደኖረች ይወቀው። እኔ እንዴት እንደምኖር ይወቀው። አሁን ብገድለው ያርፋል፤ አባየ፣ ለምን ላሳርፈው?»

አባየ ዞረው አዩኝ። ብዙ ጦርነት ያዩ ሰው ናቸው፤ የፈሩትን ነገር አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ከታች ካለው ሃያ ጠመንጃ ይልቅ እኔን የፈሩኝ መሰለኝ።

በሸለቆው ዞረን አውድማችን ደረስን። ምንሽሯ ከገለባው ሥር ገባች፤ እኛም መንሻችንን ይዘን ስንለይ ላየን ሰው ጧት የጀመርን እንመስላለን። በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎጆዎች ተቃጠሉ፤ ሰዎቹ ቀድመው ሸሽተው ነፍስ አልጠፋም። ጭሱን አፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት። እኔን የሚመለከተኝ አልመሰለኝም። እንዲህ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ይሁኔ ወሬ እየፈለግሁ ገበያ መውጣት ጀመርኩ፤ ልክ እንደ ወደደች ሴት። ሹመቱን ተወ ሲሉኝ፣ ፀጉሩ ባንድ ወር ነጣ ሲሉኝ፣ የወንድሙ መቃብር ላይ ይውላል ሲሉኝ፣ ሆዴ ቅቤ እንደጠጣ ይለሰልሳል። በቀል አይጣፍጥም የሚላችሁ ሰው ካለ አልቀመሰውም። አባየ ግን የታደለን ደም ዳግም አላነሡም። ከመሞታቸው በፊት አንድ ቀን ብቻ፣ «እኔ ልገድለው ነበር የፈለግኩ» አሉኝ፤ «አንች ግን...» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

ጣሊያን ወጣ። አገር ተረጋጋ። ሽማግሎች ደመኛን ከደመኛ ለማስታረቅ መዞር ጀመሩ፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ እኔም መጡ። ይሁኔ ከኋላቸው ነበር፤ በወጉ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል።

«በመስቀል ምዬ የካድኩ እኔ ነኝ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። «ልጁን በቃሌ አስገብቼ አሳልፌ ሰጠሁት። እግዜር ከፈለኝ። የኔንም ወንድም ወሰደው። ማን እንደገደለው እንኳ አላውቅም፤ ደሙን የምጠይቀው፣ ወይ ይቅር የምለው ሰው የለኝም። አንች ግን እኔን ታውቂኛለሽ። አንች ዕድለኛ ነሽ፣ ልጄ።»

እንዲህ አለኝ። ዕድለኛ ነሽ።

ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር፣ እኔም ድንጋይ አንሥቼ ከፊቱ ብንበረከክ፣ ሁለታችንም እናርፍ ነበር። አልተናገርኩም። «ይቅር ብየዎታለሁ» አልኩና ድንጋዩን በሁለት እጄ አውርጄ መሬት ላይ አኖርኩት። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሎቹ መረቁኝ። እሱ ጉልበቴን ሳመ። እትየ ጥሩነሽ ሳትቀር አለቀሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የይቅርታ ሴት ሆንኩ። በአገሩ ደም ሲፈላ እኔን ይጠራሉ፤ «እኝህን እናት እዩ» ይላሉ። ብዙ ሰው አስታርቄአለሁ፤ እሱ ውሸት አይደለም። ይሁኔም በየዓመቱ በሚካኤል ዝክር ይጠራኝ ነበር፤ ከቀኙ ያስቀምጠኛል፤ ቁራሹን ከእጁ እበላለሁ። እውነቱ ሳይነገረው ሞተ። አይ ክፋቷ አትበሉኝ እንጂ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከቀኙ ተቀምጬ ስበላ እንኳ፣ ውስጤ ጥግ ላይ አንዲት ነገር «እስቲ ይወቀው፣ እስቲ አይወቀው» እያለች ትጫወትበት ነበር። ምሕረት እንዲህ አይደለም። እናንተም ሰው ይቅር አልኩ ስትሉ ይችን ነገር ሆዳችሁ ውስጥ ፈልጓት።

አድማሱ ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። የተወለደችው ሴት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጉንደ ወይን ትኖራለች። ስሟን አልጽፍም። ለአጎቷ ስላደረግሁት ይቅርታ ስትል በየበዓሉ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ እማማ ነው የምትለኝ። ይህን ጽሑፍ ለማንም ሳላሳይ መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሷ ነው፤ ከእናንተ በፊት መስማት ያለባት እሷ ናትና።

ስጨርስ፣ ትጮሃለች ወይ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ። «እኔ አላውቀው። ያዩት የመጨረሻዋ ሰው እርስዎ ነዎት።»

«አላየሁትም፣ ልጄ» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ያመጣችልኝን ማር ከመደቡ ላይ አንሥታ ይዛ እስከ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ቆም አለች፤ ተመልሳ አስቀመጠችው፤ ወጣች። ይህን ስጽፍ ሁለት በዓል አልፏል፤ አልመጣችም። ማሩን አልነካሁትም።